ታጥቦ የመጣው ሚዛን

ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ ሮቤ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው ያለው። «ከድር ሚዛን፣ አሁንማ ምን ትሠራለህ?» ይለኛል። «እቀመጣለሁ» እለዋለሁ። «ተቀምጠህስ?» ይላል። ወይ ጣጣ! ሰው ለመቀመጥም ፈቃድ ያስፈልገዋል እንዴ?

ስሜ ከድር ነው። «ሚዛን» የሚለውን አባቴ ሳይሆን ገበያው ነው የጨመረልኝ፤ ዕድሜዬን በሙሉ የኤሌክትሪክ ሚዛን ስጠግን ኖሬአለሁና። የእህል ሚዛን፣ የሥጋ ሚዛን፣ ክሊኒክ ውስጥ ሕፃን የሚመዘንበት፣ ገበያ ላይ በሬ የሚመዘንበት፣ ያልከፈትኩት የለም። አብዛኛው የሚታመመው ከባትሪው ወይም ከቻርጀሩ ነበር። አሁን ማን ያስጠግናል? አዲሱ ሚዛን ቀላል ነው፣ ባትሪው ሲሞት አብሮ ይጣላል። ዓይኔም ደከመ፤ እጄም ቀጭን ሽቦ ሲይዝ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ለሞባይል ጠጋኞቹ አድዬ በሬን ዘጋሁ።

አንድ ዕቃ ብቻ ለማንም አልሰጠሁም። ሃያ ኪሎ የሚመዝን፣ እጀታው ከመያዝ ብዛት የተወለወለ ብረት ነው። የተጠገነ ሚዛን ሁሉ ከሱቃችን የሚወጣው በእሱ ተለክቶ ስለነበር «ምስክሩ» እንለው ነበር። ሙያውን ያስተማሩኝ የጋሼ ወልዴ ነበር፤ አሁን አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ሚስቴ ቤት ስትጠርግ እግሯን እየመታት ትረግመዋለች።

ጋሼ ወልዴን ያወቅኋቸው በወጣትነቴ፣ በአንድ እርሻ የስንዴ መመዘኛ ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ነው። ደሞዙ ከሳሙና አያልፍም ነበር፤ እሱን እንተወው። አንድ ቀን ሚዛኑ አልነሳ ሲል ከጎባ ጠጋኝ ተጠራ። የመጡት ከጉራጌ አገር መጥተው ጎባ የከተሙ፣ አጠር ያሉ፣ ቆብ ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ሚዛኑን ሳይከፍቱ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። እኔ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሃል? ና አንተም አሽት» አሉኝ።

አሸተትኩ። የሚኮመጥጥ ነገር አፍንጫዬን መታው።

«ባትሪው አፍስሷል። በል አሁን ክፈተው» አሉ።

ከፈትኩት። እውነትም ሽቦዎቹ ባትሪው ላይ የሚገናኙበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት በዝገት ሆኗል። በሞቀ ውሃ ሲያጥቡት፣ ሲፍቁት፣ አዲስ ባትሪ ሲያስገቡለት አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ቁጥሯ ብልጭ ብላ ስትመጣ እሳቸው ልጅ እንደተወለደላቸው ሰው ፈገግ አሉ። ያን ዕለት ልቤ ሸፈተ፤ ብዙም ሳልቆይ እርሻውን ትቼ ጎባ ሱቃቸው ገባሁ።

የጋሼ ወልዴ ነገር ብዙ ነው። ቴስተር እጃቸው ላይ እያለ የሚያናግራቸው ሰው ወዮለት። ባትሪ ሲመረምሩ ቮልቱን ብቻ አይተው አያምኑም፤ ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ አንዲት የሞተር ሳይክል አምፖል አለች፣ ባትሪው ላይ ይሰኳታል፣ ሻይ ፉት እያሉ ይጠብቃሉ። «ሥራ ሳይሰጡት ሁሉም ባትሪ ጀግና ነው። አምፖሏን ተሸክሞ ይቆይልኝና ያኔ እንተዋወቃለን» ይላሉ። ዛሬም አምፖል ሳይ እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

አንዴ ብድሬ ድረስ የከብት ሚዛን ልንጠግን ወረድን። በሳምንቱ ባትሪ የሚጨርስ ሚዛን ነው ተባልን። ጋሼ ወልዴ ባትሪውን ፈተሹ፣ ደህና ነው። ቻርጀሩን ፈተሹ፣ ደህና ነው። ከዚያ አንዲት ቀጭን ሽቦ በእጃቸው እየዳሰሱ ተከተሉ፤ ሽቦዋ በግድግዳው ስንጥቅ ገብታ የሚዛኑ ጠባቂ አልጋ ሥር ካለ ቴፕ ዘንድ አደረሰቻቸው። ጠባቂው ላብ በላብ ሆነ። ጋሼ ወልዴም ኮስተር ብለው «ወንድሜ፣ ይሄ ሚዛን በሬ ሳይሆን ዘፈን ነው ሲመዝን የከረመው» አሉት። እስከ ጎባ በሳቅ ፈረስን።

ኋላ ደንበኛው ሁሉ ወደ ሮቤ ሲያደላ እኛም ሱቁን ይዘን ሮቤ ገባን። የማወራላችሁ ነገር የመጣው ያኔ ነው።

ዲንሾ ላይ አዴ ሶፊያ የሚባሉ ገብስ ነጋዴ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ንግዱን ብቻቸውን ይዘው ያቆሙ፣ ሰላትና ገበያ የማያጓድሉ ሴት ናቸው። በአካባቢው መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሚዛን የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ያው በኋላ አርጅቶ ማሳያው ላይ የባትሪ ድካም የምትነግረው ምልክት እንኳ ጠፍታ ነበር። በዚያ ሚዛን ላይ ክፉ ወሬ ተነሣ። በሌሊት ተነሥተው ከሩቅ ቀበሌ በፈረስ ገብስ ጭነው የሚመጡ ሰዎች፣ የእሳቸው ሚዛን ላይ የወጣው ኪሎ ሌላ ቦታ ከሚመዘነው አነሰብን አሉ። እዚያው ከተማ የሚኖሩት ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ረፋድ ላይ ሲያስመዝኑ ልክ ነው። ታዲያ ሰው ምን ይበል? «ሶፊያ የሩቁን ትበላለች፣ ጎረቤቷን ግን አትነካም» አለ። ሰው እንዲህ ካለ በኋላ ነጋዴ አበቃለት ማለት ነው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። «ሚዛኑ ሮቤ ሄዶ ጋሼ ወልዴ ይዩት፤ የእሳቸውን ቃል እንቀበላለን» ተባለ። ሐጂ አማን የሚባሉ ሽማግሌ ሚዛኑን ይዘው መጡ። በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሎ ነበር። ስንፈታው ሚዛኑ ቦግ አለ፤ ቅንጣት አቧራ የለውም፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«እንዲህ የተያዘ ሚዛን አይቼ አላውቅም» አሉ ጋሼ ወልዴ፣ ደስ ብሏቸው።

ምስክሩን አስቀመጡበት፤ ሃያ። አነሡት፣ መለሱት፤ ሃያ። ባትሪው ላይ አምፖሏን ሰኩ፤ ሻዩ አልቆ ብርጭቆው እስኪቀዘቅዝ አምፖሏ ፍንክች አላለችም። ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ ሰኩት፤ ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ራሴን እነቀንቃለሁ።

«ሐጂ፣ ሚዛኑ ጤነኛ ነው» አሉ።

ሐጂ አማን ፎጣውን አነሡ። ሚዛኑን ቀስ ብለው መልሰው ጠቀለሉት። ፊታቸው ጥቁር ሲል ነው ነገሩ የገባኝ። ሚዛኑ ጤነኛ ከሆነ የሰረቀችው ሴትዮዋ ናት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የዲንሾን ወሬ የምንሰማው ከሚኒባስ ረዳቶች ነበር። ገበሬው አዴ ሶፊያ በር ላይ ሲደርስ ፈረሱን እየጎተተ ያልፋል። ሰላምታ የሚሰጣቸው እንኳ አነሰ። ለልጃቸው መጥቶ የነበረ ሽምግልናም ቀረ አሉ። አንድ ቀን ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መልእክታቸውን አደረሰ፦ «የሚከሱኝ የጠዋቶቹ ሰዎች ናቸው። በአላህ ይሁንባችሁ፣ ዲንሾ ድረስ መጥታችሁ በጠዋት እዩልኝ።»

ጋሼ ወልዴ ተቆጡ። «አንዴ ተናግሬአለሁ! በየቀኑ ቃሌን ላጥፍ ነው?»

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሰራቂ ሰው ‹መጥታችሁ እዩኝ› ብሎ ይለምናል እንዴ? የክሊኒክ ሚዛን ልጠግን ዲንሾ የምሄድበት ቀን ነበረኝና ምስክሩን ጆንያ ውስጥ ከትቼ ይዤ ወጣሁ። ረዳቱ «ይሄ ብረት ወንበር ይዟል፣ እንደ ሰው ይከፍላል» ብሎ አላስወጣ አላስገባ አለኝ። ዲንሾ አደርኩና ጎህ ሲቀድ ቤታቸው ሄድኩ። ሣሩ ውርጭ አልብሶት ነጭ ሆኗል፤ ጣቶቼ የኔ አልመስል አሉኝ።

«አካም ቡልተኒ፣ አዴ ሶፊያ» አልኩ። እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

«ነጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ ልጄ። ግባ። ግን ከመቀመጥህ በፊት መዝን።»

መብራት አልነበረም፤ ዲንሾ በዚያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጠፍቶ ረፋድ ላይ ነበር የሚመጣው። ሚዛኑን በባትሪ አስነሣሁት። ምስክሩን አስቀመጥኩ።

አሥራ ስምንት።

አነሣሁት፣ መለስኩት። አሥራ ስምንት ከምናምን። እሳቸውም ከትከሻዬ በላይ እያዩ ናቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ዞር ብል፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ያ አላህ! ለካ እውነታቸውን ነው! ለካ በልቻቸዋለሁ!»

«ኧረ አዴ ሶፊያ፣ እርስዎ ምን አደረጉ? ሚዛኑ ነው እንጂ!»

«እህሉ የገባው የማን ጎተራ ነው? የኔ አይደለም?»

ካቻቢቴዬን አውጥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ባትሪው ላይ ቴስተር ብሰካ ደክሞ ደክሞ ሊሞት ነው። «ማታ ቻርጅ አላደረጉትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ነው ያደረው። ቀይዋ መብራትም በርታ ነበር።»

ጉዱ እዚያ ላይ ነበር። ከቻርጀሩ መሰኪያ ወደ ባትሪው የምትሄደውን ሽቦ ዝገት በልቷት በአንዲት ክር ብቻ ተንጠልጥላለች። አንዳንዴ ትነካለች፣ አብዛኛውን ጊዜ አትነካም። ቀይዋ መብራት ደግሞ ከዚያች ሽቦ በፊት ነው ያለችው። ኤሌክትሪክ ከግድግዳው መምጣቱን እንጂ ባትሪው ጋ መድረሱን አታውቅም። ስለዚህ ባትሪው በቅጡ ሳይሞላ ያድራል፤ ጠዋት በብርዱ ላይ ጭራሽ ይደክምና ሚዛኑ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ረፋድ ላይ መብራት ሲመጣ ሚዛኑ በቀጥታ ከግድግዳው ይሠራል፣ ልክ ይሆናል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው በጠዋት፣ ጎረቤት ደግሞ ረፋድ ላይ! አያችሁት?

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «ታዲያ ሮቤ ሲመጣ ባትሪው እንዴት ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር?»

አዴ ሶፊያ አፈር አሉ። «ባትሪውን አስፈትቼ ወፍጮ ቤት በሞተሩ አስሞላሁት። ከዚያ እንደ ራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ሚዛኑንም በሳሙና ጨርቅ ጠረግሁት።»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ? ሰው ሐኪም ጋ ሲሄድ ገላውን ታጥቦ አይደለም የሚሄደው? ጋሼ ወልዴን የሚያህል ሰው ፊት የሚቀርብ ዕቃ እንዴት ቆሽሾ፣ ተርቦ ይሄዳል? ክብር ነው እንጂ!»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሴትዮዋ በሽታውን በገዛ እጃቸው አክመው፣ አሳምረው ልከውልን፣ እኛም ጤነኛ ነው ብለን ፈረድንባቸው። ወዲያው ልበይደው እጄ በላኝ፤ ግን መብራት የለም፣ መበየጃው በምን ይሙቅ? እንዳለ ትቼው በመጀመሪያው ሚኒባስ ሮቤ ተመለስኩ።

ጋሼ ወልዴ ሥራቸው ላይ ነበሩ። ቴስተር እጃቸው ላይ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ምስክሩ ዲንሾ ላይ አሥራ ስምንት መዘነ።»

«ጣልከው?»

«አልጣልኩትም። ሚዛኑ ነው።» ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ወፍጮ ቤቱ፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ሳሙናው።

ቴስተሩን አስቀመጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲደክሙ አይቻቸው አላውቅም፤ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ነው የተቀመጡት። «የሞላ ባትሪ ከቻርጀሩ ብዙ አይጠጣም» አሉ ለራሳቸው። «ቻርጀሩ በእርግጥ ይሙላ አይሙላ እንኳ አላየሁም። መብራቷን አይቼ አለፍኩ። ሚዛኑን ይህን ሁሉ መረመርኩት፤ ሐጂን ግን ‹ከመምጣቱ በፊት ምን አደረጋችሁት?› ብዬ አንድ ቃል አልጠየቅኩም።» ቀና ብለው «ጠግነኸዋል?» አሉኝ።

«መብራት አልነበረም።»

«እሰይ! እንዳትነካው። ተጠግኖ ልክ ቢመዝን ማን ያምናታል? ሲዋሽ ሰው ሁሉ በዓይኑ ይየው።»

«ጋሼ፣ ግን እኮ የእርስዎም ስም...»

«ዝም በል! የኔ ስም ጥቂት ቢታመም ይድናል። የሷ እየሞተ ነው።»

በገበያው ዕለት ዲንሾ የደረስነው ከገበሬው ጋር ነው። ጋሼ ወልዴ ሚዛኑን ከአዴ ሶፊያ ቤት አስወጥተው ውጭ ብርዱ ላይ አስቀመጡት። ሰው ተሰበሰበ። ከፊት የቆሙት ኦቦ ገመዳ ናቸው፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ፣ በአዴ ሶፊያ ላይ መጀመሪያ አፋቸውን የከፈቱ ገበሬ። ሐጂ አማንም መጥተዋል። ጋሼ ወልዴ መጀመሪያ ምስክሩን ሥጋ ቤቱ ባለው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አስመዘኑት፤ ሁሉም ሰው ሃያ መሆኑን አየ። ከዚያ «ኦቦ ገመዳ፣ እርስዎ ራስዎ ያስቀምጡት» አሉ።

ኦቦ ገመዳ አንሥተው አስቀመጡት። አሥራ ስምንት።

«አላልኩም? አላልኩም ወይ?» ብለው ወደ ሰዉ ዞሩ። ሰዉ ጉምጉም አለ። አዴ ሶፊያ በራቸው ላይ እንደ ቆሙ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«ብለዋል፤ እውነትዎን ነው» አሉ ጋሼ ወልዴ። «ግን ማንም እንዳይሄድ። አብረን እንጠብቅ።»

ጠበቅን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ፈረሶቹ በአፍንጫቸው ጭስ ይተፋሉ። አንድም ሰው ንቅንቅ አላለም። ረፋድ ላይ ከሻይ ቤቱ ራዲዮ ጮኸ፤ መብራት መጣ። ጋሼ ወልዴ ሚዛኑን በሽቦ ሰኩት። ሌላ ምንም አልነኩም። «ኦቦ ገመዳ፣ ይድገሙት» አሉ።

ሃያ።

«ዱጋዳ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። እውነት ነው ማለቱ ነው። ቃሉ ከአፍ አፍ እየተቀባበለ እስከ መንገዱ ደረሰ። ጋሼ ወልዴ የተበላችውን ሽቦ አሳዩአቸው፤ ስለ ወፍጮ ቤቱም፣ ስለ ፀሐዩም ነገሯቸው። ሴቶቹ ስለ ሳሙናው ሲሰሙ ሳቁ። ከዚያ ጋሼ ወልዴ ቆባቸውን አወለቁ። ያን ሁሉ ዘመን አብሬአቸው ስኖር መላጣቸውን ያን ዕለት ገና አየሁት።

«ሚዛኑ ጤነኛ ነው ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ተሳስቼ ነው የመሰከርኩት። ይቺ ሴት አልሰረቀችም። አዴ ሶፊያ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

አዴ ሶፊያ በአጠገባቸው አለፉ። መጀመሪያ ወደ ገበሬዎቹ ሄዱ። «ሳላውቅ ቢሆንም እህላችሁ ጎተራዬ ገብቷል። ወይ ውሰዱ፣ ወይ ሐላል በሉኝ። ተሸክሜው አላህ ፊት መቅረብ አልችልም» አሉ።

ሰዉ ኦቦ ገመዳን አየ። እሳቸውም ፈረሳቸው ጋ ሄደው ጭነቱን መፍታት ጀመሩ። ጆንያውን እያቃሰቱ አምጥተው እዚያው ሚዛን ላይ ጣሉት። «ለአላህ ብለን ሐላል ብለናል። በይ መዝኚልን፣ መንገደኞች ነን» አሉ።

አዴ ሶፊያ መዘኑ። እያለቀሱ ነው የመዘኑት። ያን ጆንያ ሌላው ተከተለ፣ እሱንም ሌላው። ጋሼ ወልዴ ቆባቸውን በእጃቸው እንደያዙ ጥግ ላይ ቆመው ቀሩ። ገበያው ጋብ ሲል አዴ ሶፊያ ወደሳቸው ሄዱና «ጋሼ ወልዴ፣ ቆብዎን ያድርጉ። ብርድ ይመታዎታል» አሏቸው። እኔም ሽቦውን ለመበየድ ጎንበስ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የሱቃችን በር ላይ «ዕቃዎን እንዳለ ያምጡ፤ አያጥቡ፣ አያሙቁ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ሰዉ ይስቅብን ነበር። ጋሼ ወልዴም ማንኛውም ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ጫማ ጠራጊ፣ «ከመምጣቱ በፊት ምን አደረጉት?» ሳይሉ ካቻቢቴ አንሥተው አያውቁም። ሲሞቱ አዴ ሶፊያ ከዲንሾ ድረስ መጥተው ለቅሶ ደረሱ። እኔም ጥያቄያቸውን ወርሼ ሱቁን እስክዘጋ ድረስ ኖርኩበት።

ባለፈው ሰሞን ሰው በሬን አንኳኳ። ብወጣ አዴ ሶፊያ ናቸው። አርጅተዋል፤ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ ይዘዋል፣ ከኋላቸው ልጃቸው የማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ ቆማለች። ከረጢቱን በሬ ላይ አስቀመጠችው።

«አዴ ሶፊያ፣ ሱቁን እኮ ዘጋሁ» አልኳቸው።

«አይቼ ነው የመጣሁት። ሱቁ ተዘጋ እንጂ አንተ ተዘጋህ እንዴ? ንግዱን ለልጄ ልሰጣት ነው። አንተ ያላየኸውን ሚዛን አላስረክባትም።»

ከረጢቱን ከፈትኩት። ያው ሚዛን ነው። ገብስ ገለባ በየስንጥቁ ገብቶበታል፣ ጥግ ጥጉን ሸረሪት አድርታበታለች፣ አቧራው እጅ ያለብሳል። የለመድኩትን ጥያቄ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አዴ ሶፊያ ቀደሙኝ።

«ምንም አላደረግንበትም። አላጠብነውም፣ አላሞቅነውም። እንዳለ ነው ያመጣነው።»

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ያ የሚኮመጥጥ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ጋሼ ወልዴ አጠገቤ የቆሙ መሰለኝ፤ እንባዬ መጣ። ልጅቷ እንዳታየኝ ወደ ጓዳ ገባሁ፣ ምስክሩን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ሚስቴ «ደግሞ ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ነገ ዲንሾ እሄዳለሁ፤ ሚዛኑን እዚያው ብርዱ ላይ ነው የማየው» አልኳት።

አዴ ሶፊያ ከበር ሆነው ሰሙኝና «ገና ውርጩ ሳይነሣ ድረስ» አሉኝ።